ዓይንህን ከወለሉ አንሳ

ተማሪዎቼ ይፈሩኝ ነበር፤ እኔም መፈራቴን ወድጄው ነው የኖርኩት። ጅማ ውስጥ ባለ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። ኮቴዬ ኮሪደሩ ላይ ሲሰማ ክፍሉ ጭጭ ይላል። አርፍዶ የመጣ ተማሪ በሩን ከፍቶ ፊቴን ያይና ራሱ መልሶ ይዘጋዋል። ሦስት ጊዜ የቀረ ተማሪ ኮርሱን በሚቀጥለው ዓመት ይደግማል። አመመኝ ማለት ያለ ማስረጃ አይሠራም፤ ማስረጃ ሲመጣም ማኅተሙን ወደ መስኮት አዙሬ አየዋለሁ፤ ምክንያቱም የክሊኒክ ማኅተም ከድንች ቀርጸው የሚመጡ ልጆች አስተምሬያለሁ። እንዲህ ሳወራ የምኩራራ ይመስላል። ያኔ በእርግጥም እኩራራ ነበር።

የምጽፈው ስለ አንድ ተማሪዬ ነው። ስሙን አልጽፍም። አባቱ በሕይወት አሉ፤ እሳቸው ባያነቡም የሚያነብላቸው ሰው አለ።

ነገሩ የጀመረው ከሥልጠና ስመለስ ነው። አዲስ አበባ ሁለት ሳምንት ተቀምጠን፣ በፕሮጀክት ማስተማር ስለሚባለው ዘዴ ተማርን። ሐሳቡ ከባድ አይደለም፤ ተማሪው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የቋንቋ ሕግ ሲሸመድድ ከሚውል ወጥቶ አንድ እውነተኛ ሥራ ይሥራ፣ ለሥራው የሚያስፈልገውን እንግሊዝኛ እዚያው እየሠራ ይማረዋል፣ በመጨረሻም ሰው ፊት ቆሞ ያቀርበዋል ነው የሚለው። እኔ ከዚያ በፊት ተመራቂ ተማሪዎችን ለንደን ላለ አንድ የማይታወቅ ሥራ አስኪያጅ የቅሬታ ደብዳቤ ሳስጽፍ ነበር የምከርመው። ሰውየው በአሥር ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ቅሬታ እንደደረሰው እግዜር ይወቀው። ስለዚህ አዲሱን ዘዴ ወደድኩት። ዛሬም አልጠላሁትም፤ ይህን ቀድሜ ልናገር፣ ጥፋቱን በዘዴው ላይ ማላከክ አልፈልግም።

ከሥልጠናው አንድ ቅጽ ይዤ መጣሁ። ማርክ መስጫ ነው፤ ተማሪው ቆሞ ሲያቀርብ በየመስመሩ ከአምስት ይሞላል። የድምፅ ጥራት፣ የሐሳብ ቅደም ተከተል፣ አቋቋም፣ አለባበስ፣ የዓይን ግንኙነት። ታች ላይ ለአስተያየት ሦስት መስመር ባዶ ቦታ አለው። አንድ ፊደል ሳልለውጥ አባዛሁት። ያለቀለት ነገር መስሎኝ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ያደግኩት እዚሁ ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ነው። ወላጆቼ ከደቡብ የመጡ ጴንጤዎች ናቸው፤ ግራና ቀኝ ያሉት ጎረቤቶቻችን ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ጅማን ጅማ ያደረጉ እስላሞች ነበሩ። በጸሎት አንገናኝም፤ በልጅ አስተዳደግ ግን ልዩነት አልነበረንም። ትልቅ ሰው ሲያናግርህ ዓይንህን ሰበር ታደርጋለህ። አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ ቀና ብዬ ሳያቸው እናቴ ጎኔን ቆንጥጣ፣ «ምን ታፈጥጪያለሽ?» አለችኝ። የቆነጠጠችኝ ቦታ ለቀናት አሞኛል። እንግዲህ «የዓይን ግንኙነት» የሚለውን መስመር ይህን አስተዳደግ የማያውቅ ሰው ቢያባዛው አይፈረድበትም። እኔ ግን አውቅ ነበር።

ተመራቂዎቹ የግብርና ተማሪዎች ነበሩ። አምስት አምስት አድርጌ መደብኳቸው። አንዱ ግሩፕ ሰኮሩ ወርዶ መንገድ ዳር ላሉ ምግብ ቤቶች የእንግሊዝኛ ሜኑ ሠራ፤ ዱለትን እንዴት እንደተረጎሙት ባልናገር ይሻላል። ሌላው ግሩፕ ሊሙ ገነት አጠገብ ያለ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያን መረጠ። ሥራቸው ከውጭ ለሚመጡ ገዢዎች፣ ቡናው ከእሸቱ ጀምሮ እስኪደርቅ የሚያልፍበትን መንገድ የሚያስረዳ የእንግሊዝኛ መምሪያ ማዘጋጀት ነበር። ጣቢያውን የመረጡት ከአምስቱ አንዱ የዚያው አገር ልጅ ስለሆነ ነው። አባቱ ጣቢያው ላይ የታጠበው ቡና የሚሰጣባቸውን የሽቦ መደቦች ይቆጣጠራሉ፤ እነዚያን መደቦች ሠራተኞቹ አልጋ ይሏቸዋል።

በሥራው ላይ አንድ የራሴን ሕግ ጨመርኩ፤ ከአምስቱ አንድ ሰው ሳያቀርብ ከቀረ አምስቱም ያጣሉ። «ሥራ ዓለም ውስጥ አንድ ሰው ሲቀር ሥራው ነው የሚወድቀው፤ ማንም አያዝንላችሁም» አልኳቸው። ይህን ስል ድምፄ እንዴት እንዳማረኝ ትዝ ይለኛል።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ አምስቱም ሊሙ ሄደው ጣቢያውን አይተው መጡ። ከዚያ በኋላ የሊሙው ልጅ፣ ስሙን የማልጽፈው ተማሪዬ፣ ወደ ክፍል አልተመለሰም። እኔ ግን አላወቅኩም። መቅረቱን የሚያሳየኝ የፊርማ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ ማንም ቢቀር ክፍሉን ዞሮ ስልሳ አምስት ፊርማ ይዞ ነው የሚመለሰው። ጓደኛ ለጓደኛ ይፈርማል። ይህ በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች የኖረ ነገር ነው፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ ለዶርም ጓደኛዬ ፈርሜላታለሁ፣ እሷም ለእኔ። ማጭበርበር ነው የሚል ተማሪ አላጋጠመኝም። ጓደኛህ እንዳይጎዳ ትፈርማለህ፣ አለቀ። አራቱ ልጆች አምስት ሳምንት ሙሉ እየተፈራረቁ ፈረሙለት። ባይፈርሙለት በሦስተኛው ቀን ስሙን እጠራ ነበር፤ የት ነው ብዬ እጠይቅ ነበር። ምናልባት።

የማቅረቢያው ቀን ደረሰ። የሊሙ ግሩፕ ተጠራና አራት ልጆች ወጡ። የግሩፑ መሪ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ጥንቅቅ ያለች ልጅ ነበረች።

«አምስተኛው?» አልኩ።

«ቲቸር፣ አሞት ቤተሰብ ጋ ነው።»

«ማስረጃ?»

ወደ ጓደኞቿ አየች፤ አንዱ አትናገሪ በሚል ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ስልሳ ተማሪ ያየናል።

«በጣም እኮ ነው ያመመው ቲቸር» አለች።

«በጣም ያመመው ሰው በጣም ጥሩ ማስረጃ ያመጣል» አልኩ። ከኋላ ወንበር ሳቅ ተሰማ፤ እኔም በመሳቃቸው ደስ አለኝ። «ሰኞ ጠዋት እዚህ ቆሞ ያቀርባል። ካልመጣ ግሩፑ በሙሉ ዜሮ ነው። ቁጭ በሉ።»

ሰኞ መጣ።

በሩ ላይ ሳየው መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። በነጠላ ጫማ ነበር የመጣው፤ መታጠቢያ ቤት የምንገባበት ዓይነት የላስቲክ ነጠላ ጫማ። የሌሎቹ ልጆች ሸሚዝ ተተኩሷል፣ አንዱ ከረባት ተውሶ አስሯል፤ እሱ ሰፊ ጃኬትና ነጠላ ጫማ። ፊቱ ሞላ ብሏል። እንቅልፍና የእናት እጅ ተስማምቶት የከረመ ሰው መስሎ ታየኝ። ይህን በጊዜው ማሰቤን እምላለሁ፤ እኛ እዚህ በማርክ ስንጨነቅ አንተ ቤትህ ወፍረህ መጣህ አልኩ በልቤ።

ተራው ሲደርስ ጠረጴዛውን በአንድ እጁ ይዞ ቆመ። ዓይኑ ወለሉ ላይ ነበር። የተናገረው ስለ ማድረቂያ አልጋዎቹ ነው። ቡናው ለምን በቀን ብዙ ጊዜ በእጅ እንደሚገላበጥ፣ ፀሐይዋ ስትበረታ ለምን እንደሚሸፈን፣ የተበላሸው ፍሬ በምን እንደሚለይ። ድምፁ ይቆራረጥ ነበር፤ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ትንፋሹን ይጠብቃል። ከዚያ እንዲህ አለ፣ በእንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ ማለት ይቻላል፤ «ቡናው መድረቁን ማሽን ይለካዋል። አባቴ ግን ሲዘግነው ድምፁን ይሰማል። ደረቀ ካለ ደርቋል።» ጆሮዬ ቆመ። በዚያ ቀን ከሰማሁት እንግሊዝኛ ሁሉ ያ ብቻ ነበር አንድ ሰው የሚያውቀውን ነገር ሲናገር የሚሰማ። ቅጹን አየሁ፤ ለዚያ የሚሆን መስመር አልነበረውም።

ስለዚህ ያሉትን መስመሮች ሞላሁ። አቋቋም፣ ሁለት። አለባበስ፣ አንድ። የዓይን ግንኙነት፣ አንድ። ታች ባለው ባዶ ቦታ ላይ በቀይ ቢክ በእንግሊዝኛ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፤ «ዓይንህን ከወለሉ አንሳ። ጠረጴዛ አትደገፍ። ባለሙያ በነጠላ ጫማ ሰው ፊት አይቆምም።» አለፈ ግን። አምስቱም አለፉ። ይህን እንደ ውለታ ቆጥሬው ነበር።

ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለኝ፤ ዝቅ ብሎ። «አመሰግናለሁ ቲቸር። አስተካክላለሁ» አለ። እኔ የሚቀጥለውን ስም እየጠራሁ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የግሩፑ መሪ ቢሮዬ መጣች። ሳታንኳኳ ገባች። እኔ ቢሮ ሳያንኳኳ የገባ ተማሪ ከዚያ በፊት አልነበረም። ተቆጥቼ ቀና ስል፣ «ቲቸር፣ አረፈ» አለችኝ። ማን ብዬ አልጠየቅኩም። ለምን እንዳልጠየቅኩ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ነጠላ ጫማው ነው ወዲያው የታየኝ።

በማግስቱ ከአራቱ ልጆች ጋር ወደ ሊሙ ገነት ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ልጅቷ አጠገቤ ተቀመጠች። ግማሽ መንገድ ሄድን። ከዚያ እኔ አላስቻለኝም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኩ። ድምፄ የቁጣ ነበር። ያኔም ቁጣ!

«ነገርኩዎት እኮ ቲቸር።»

«አሞታል ነው ያልሽው።»

«ማስረጃ አሉኝ» አለች። አልተቆጣችም፤ የሆነውን ነው የተናገረችው። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ።

ኩላሊቱ ነበር። ኅዳር ላይ ከጣቢያው ጉብኝት እንደተመለሱ እግሩ ማበጥ ጀመረ። ሐኪም ተኛ፣ ከቤት አትውጣ አለው። ማስረጃም ነበረው፤ ማኅተሙም እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ማስረጃው ዲፓርትመንት ከደረሰ ዊዝድሮዋል ሞልተህ በሚቀጥለው ዓመት ተመለስ ይሉኛል ብሎ ፈራ። አባቱ የምርቃቱን ቀን ለሰው ሁሉ ነግረው ነበር። ስለዚህ ጓደኞቹን ማንም እንዳይሰማ ብሎ አስማላቸው። እነሱም ፈረሙለት። ዊዝድሮዋል ማለት አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ የእኔ ፊርማ አንዱ መስመሩ ላይ ይገባል። በዓመቱ ተመልሶ ይቀጥል ነበር። ስንት ልጅ አድርጎታል።

«የሱን ክፍል እኛ አይደለንም የጻፍነው» አለች። «ማርክ ዝም ብሎ መብላት አልፈለገም። ተኝቶ በቴሌግራም ድምፁን ይልክልን ነበር፤ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። አልጋዎቹ ከቤታቸው መስኮት ይታያሉ። አሁን ቡናውን እየገለበጡት ነው፣ አሁን ሸፈኑት እያለ ይነግረናል። እኛ ወደ እንግሊዝኛ እንቀይራለን፣ መልሰን እናነብለታለን፣ እሱ ያርመናል።» ስልኳን አውጥታ ልታሰማኝ ፈለገች። አይሆንም አልኳት፤ አልቻልኩም።

በፕሮጀክት ማስተማር ሲባል ሥልጠናው ላይ ያሳዩን ሥዕል ይህ ነበር። አምስት ሰው አንድ እውነተኛ ሥራ ይዞ፣ አንዱ ያየውን ሌላው እየተረጎመ፣ እየተራረመ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ከክፍሌ የወጣ ምርጥ ሥራ እሱ ነው፤ የተሠራውም ከእኔ ተደብቆ ነው።

«ሰኞ አትምጣ ብለነው ነበር» አለች። «ዜሮ እንወስዳለን፣ ምንም አይደል አልነው። እናንተን ጥዬማ አልተኛም አለ። እግሩ ጫማ አልገባለትም። በጠዋት መኪና ነው የመጣው፤ ወንበር አጥቶ ግማሹን መንገድ ቆሞ።»

ያ ጉዞ ገደለው ያለኝ ሰው የለም። ሐኪምም አላለም። በሽታው ቀድሞ የጨረሰው ነገር ነበር ይላሉ። እኔ ግን የሚጠቅመኝን ንግግር መለየት አውቃለሁ።

ቤቱ ደረስን። ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ ሰው ተቀምጧል። ከአጥሩ ወዲያ አልጋዎቹ ይታያሉ፤ የወቅቱ ቡና አልቆ አብዛኞቹ ባዶ ነበሩ። አባትየው ነጭ ኮፊያ ያደረጉ፣ ቀጭን፣ እጃቸው የሻከረ ሰው ናቸው። «አላህ ሰብር ይስጥዎ» አልኳቸው፤ ለእስላም ጎረቤቶቻችን እናቴ ስትል እየሰማሁ ያደግኩት ቃል ነው።

«አሚን፣ አሚን። ግቡ፣ በገ ነጋን ዱፍተን» ብለው በኦሮምኛ እንኳን ደኅና መጣችሁ አሉን። ልጅቷ እንግሊዝኛ ያስተማሩን ቲቸር ናቸው ብላ ነገረቻቸው። እጄን እንደያዙ ቆሙ። «ኢሼዳ?» አሉ ወደ እሷ ዞረው፣ እሷ ናት ማለታቸው ነው። ልጅቷ ራስዋን በአዎንታ ነቀነቀች።

ወደ ቤት አስገቡን። ልጁ ታሞ ተኝቶበት የነበረው ክፍል ውስጥ አስቀመጡኝ፤ መስኮቱ ወደ ቡናው አልጋዎች ነው። ከመደርደሪያ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወረዱ፤ ከውስጡ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ቅጹን ከሩቁ አወቅኩት። ቀዩ ይታያል።

«ልጄ ከጅማ ይዞት የመጣ ነው» አሉ። «እኔ እንግሊዝኛ የለኝም። ሜ፣ እስቲ ያንብቡልኝ። ምን ይላል?»

ወረቀቱን ያዝኩት። ጽሑፌ ጥሩ ነው፣ በግልጽ ይነበባል። አራቱ ልጆች በሩ ሥር ቆመዋል፤ አራቱም እንግሊዝኛ ያነባሉ፣ አራቱም ምን እንደተጻፈ ያውቃሉ።

«ጎበዝ ተማሪ ነህ ይላል» አልኩ። ሰውየው ከንፈሬን ነው የሚያዩት። «ስለ ቡናው የተናገርከው በጣም ጥሩ ነው ይላል። በዚሁ በርታ ይላል።»

በሥራዬ ሁሉ ተማሪዎቼን የተጻፈውን እንዳለ ተርጉሙ፣ ከራሳችሁ አትጨምሩ ስል ኖሬያለሁ። ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

አባትየው ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጋሪ» አሉ፣ ደግ ነው ለማለት። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው በጉልበታቸው ላይ ዘረጉት፤ እጥፋቱን በሻከረ መዳፋቸው አቃኑት።

«ይሄንን ይዞ ከመጣ በኋላ» አሉ፣ «በየቀኑ እየተነሳ ግድግዳውን ይዞ ይቆም ነበር። ተኛ፣ ሐኪሙ ተኛ ብሎሃል እለዋለሁ። አባ፣ ቀና ማለት እየተለማመድኩ ነው ይላል። ከዛ ግድግዳውን ይለቃል። እግሩ አይችልም፣ ይወድቃል፤ አነሳዋለሁ። በሁለተኛው ሴሚስተር ሌላ የምናቀርበው አለ ይላል። ሰፊ ጫማ ግዛልኝ አለኝ። ገዛሁለት።» በእጃቸው ወደ በሩ ጥግ አሳዩኝ። አዲስ ጥቁር ጫማ፣ ወረቀቱ ከውስጡ ያልወጣ። «ምን እንደሚለማመድ አልገባኝም። ወረቀቱን ያያል፣ ይቆማል። ወረቀቱን ያያል፣ ይቆማል።»

ውጭ ሰው ሲያስልና የሻይ ብርጭቆ ሲሰበሰብ ይሰማል።

«ጎረቤት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አለች» አሉ። «ከቀበርነው በኋላ እሷ አነበበችልኝ። ሁለት ጊዜ ነው ያስነበብኳት፣ ልጅ ስለሆነች ተሳስታ ይሆናል ብዬ።»

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ፈለግኩ። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። አልነበረም።

«እርስዎ እንደሚመጡ ስሰማ፣ ከጻፈው ሰው አፍ ልስማው ብዬ ነው» አሉ፤ ወረቀቱንም መልሰው ዘረጉልኝ።

በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ቀና ብዬ ላያቸው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። እንዳቀረቀርኩ፣ «ዓይንህን ከወለሉ አንሳ ይላል» ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።